ኅዳር 12፦ ጭሱ አለ፣ ስሞቹስ?

ኅዳር 12 ማለዳ አዘና ላይ ብትገኙ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ጭስ ነው። ከየጓሮው፣ ከየደጃፉ ይነሳል። ግቢው ቀድሞ ተጠርጓል። የበቆሎ አገዳው፣ የረገፈው ቅጠል፣ አሮጌው ጨርቅ፣ የተበጣጠሰው ቅርጫት አንድ ላይ ተከምሯል። ጭሱ እንዲበዛ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከላይ ይጣልበታል። ልጆች ዙሪያውን ይሯሯጣሉ፣ ትልልቆቹ ዓይናቸውን እያሹ ከሥሩ ይቆሰቁሳሉ።

እኔም ከሚሯሯጡት አንዱ ነበርኩ። አንድ ጊዜ አያቴን «ለምንድን ነው የምናጨሰው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ለበሽታው ነዋ!»

«የቱ በሽታ?»

«የኅዳር በሽታ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በቃ፣ ያገኘሁት መልስ ይሄው ነው። እስቲ እናንተም ቤታችሁ ጠይቁ። አብዛኞቻችሁ ከዚህ ብዙም የማይርቅ መልስ የምታገኙ ይመስለኛል።

«ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ይህ ቀን የአንድ ወረርሽኝ መታሰቢያ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ዛሬም አለ። ግን ለማን መታሰቢያ እንደሆነ ብንጠየቅ የአንድ ሰው ስም እንኳ መጥራት የምንችል ጥቂቶች ነን። በዚህ ጽሑፍ ቀኑ እንዴት እንደተፈጠረ፣ ለምን እንዳልጠፋ፣ ምን እንደጎደለው እነግራችኋለሁ። ጉዳዩ የድሮ ብቻ አይደለም። እኛም በቅርቡ አንድ ወረርሽኝ አልፈናል፣ የእሱን ሙታን ግን ገና አላሰብናቸውም።

(ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የፈረንጆቹ ሲሆን «እ.ኤ.አ.» እላለሁ።)

በሦስት ቀን አዲስ አበባ

ዘመኑ 1911 ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ናቸው፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ናቸው። ዓለም በጦርነት ላይ ሳለች አዲስ ዓይነት ኢንፍሉዌንዛ ከወታደር ወደ ወታደር፣ ከመርከብ ወደ መርከብ እየዘለለ ይዛመት ነበር። ስሙን «የስፓኝ ጉንፋን» ይሉታል፤ መነሻው ስፔን ስለሆነ ግን አይደለም። ስፔን በጦርነቱ ስላልገባች ጋዜጦቿ ስለ በሽታው በነፃነት ይጽፉ ነበር። የሌሎቹ ጋዜጦች ሳንሱር ነበረባቸው። ስለዚህ ወሬው ሁሉ ከስፔን የመጣ መሰለ።

ወደ እኛ እንዴት ደረሰ? የታሪክ ጸሐፊዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ ጅቡቲ ወደብና ወደ ባቡሩ ነው። እዚህ ላይ የምህንድስና ተማሪነቴ ይነሳብኛልና ትንሽ ታገሡኝ።

ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ ከወረርሽኙ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ማለት ነው። ርዝመቱ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዚያ በፊት ከባሕር ዳርቻ ወደ መሀል አገር የሚመጣ ሰው ከሲራራ ነጋዴ ጋር በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅበት ነበር። ባቡሩ በሦስት ቀን አደረሰው። አሁን በሽታውን እንመልከት። ኢንፍሉዌንዛ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት ለማሳየት በአማካይ ሁለት ቀን ይበቃዋል። የታመመ ሰው ሌላውን የሚያስይዘው በአብዛኛው እስከ አንድ ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ሲራራው ውስጥ አንድ ሰው ቢታመም አዲስ አበባ ሳይደርስ ወይ ይድናል ወይ ይሞታል። በእርግጥ ለጓደኞቹ ሊያስተላልፍ ይችላል፣ ግን ሰንሰለቱ መንገድ ላይ የመበጠስ ዕድል አለው። በባቡር የመጣው ሰው ግን ጅቡቲ ላይ የያዘውን ይዞ አዲስ አበባ ላይ ማሳል ይጀምራል። ባቡሩ ዕቃ ብቻ አላፈጠነም።

ከገባ በኋላስ? የ1911ዱን በሽታ ያጠኑ ሰዎች አንድ ታማሚ በአማካይ ሁለት ሰው ገደማ ያስይዝ እንደነበር ይገምታሉ። በአንዱ ታማሚና እሱ በሚያስይዘው ሰው መካከል ሦስት ቀን አለ እንበልና ወረቀት ላይ አስሉት። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16… እያለ ይሄዳል። በአሥረኛው ዙር፣ ማለትም በ30ኛው ቀን፣ አዲሶቹ ታማሚዎች 1,024 ናቸው። በ15ኛው ዙር፣ በ45ኛው ቀን፣ 32,768 ይሆናሉ። እውነተኛው ዓለም እንዲህ ንጹሕ ሒሳብ አይደለም፤ የዳነ ሰው ይበዛል፣ ሰው ይሸሻል። ቢሆንም በሽታው ለምን «በድንገት ወረደ» እንደተባለ ይገባችኋል። ለሳምንታት ዝም ያለ ነገር በጥቂት ቀን ውስጥ ከተማ ይሞላል።

የሞላውም እንዲሁ ነው። ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጠና ታመው ነበር። በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 ሰው በላይ እንደሞተ፣ እሳቸውም ከሞት እንደተረፉ ያስታውሳሉ። ያኔ አዲስ አበባ የዛሬዋ ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ከተማ አልነበረችም። መቃብር ቆፋሪ ጠፋ። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ሰው ተቀበረ። ከዚህ የከፋው ደግሞ በሽታው የመረጠው ዕድሜ ነው። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው በሕፃናትና በሽማግሌዎች ላይ ነው። ይኼኛው ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ጎልማሶች በገፍ ገደለ። ሊቀብሩ፣ ሊያርሱ፣ ውሃ ሊቀዱ፣ ሕፃን ሊያሳድጉ የሚችሉት ናቸው ቀድመው የወደቁት።

የበሽታው ክፉ ቀናት በኅዳር ሚካኤል ዙሪያ ስለዋሉ ኅዳር 12 ከዚያ በኋላ ከበሽታው ጋር ተቆራኘ። ስሙም «የኅዳር በሽታ» ሆኖ ቀረ።

ጭሱ ይሠራል እንዴ?

«ታዲያ ጭስ ቫይረስ ይገድላል ወይ?» ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። መልሱ አይገድልም ነው። ይህ ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በትንፋሽ፣ በሳልና በማስነጠስ በሚወጡ ጠብታዎች ነው። ደጃፍ ላይ የሚጨስ ቅጠል ሳንባ ውስጥ ያለ ቫይረስ ጋ አይደርስበትም። እንዲያውም ጭሱ የታመመ ሳንባን ይጎዳል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ግን ሞኞች አልነበሩም። በዘመናቸው በነበረው እውቀት ሠሩ። በሽታ ከመጥፎ አየርና ከሚሸት ነገር ይመጣል የሚለው እምነት በአውሮፓም ለብዙ መቶ ዓመታት የሐኪሞች ትምህርት ነበር። «ማላሪያ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ «መጥፎ አየር» የመጣ ነው። በ1911 በዓለም ላይ የኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም። ለዚህ የሚያበቃው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ገና አልተሠራም። በዚያ ላይ ጥረጋው ራሱ ከንቱ አይደለም። ቆሻሻ ሲነሳ ዝንብና አይጥ ይቀንሳል፣ ቅማል የያዘ አሮጌ ጨርቅ ሲወገድም በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ መንገድ ያጣል። ልክ ያልሆነ ምክንያት ይዘው ግማሽ ልክ የሆነ ሥራ ሠሩ።

የገዳዩ ማንነት የተገለጠው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አላስካ ውስጥ ብሬቪግ ሚሽን የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 15 እስከ 20 ቀን 1918 ባሉት ጥቂት ቀናት ከ80 ገደማ ጎልማሶቿ 72ቱ ሞቱባት። ይህን ወደ እኛ አቆጣጠር ብትቀይሩት ከኅዳር 6 እስከ ኅዳር 11 ቀን 1911 ነው። አዎ፣ ያው ሳምንት ነው! አዲስ አበባ ሙታኗን ስትቀብር በዓለም ሌላኛው ጫፍ ያለች የበረዶ መንደር ሙታኗን በአንድ ጉድጓድ ቀበረችና መስቀል ተከለችበት። ዮሐን ሁልቲን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1951 ሄዶ ሞከረ፣ አልተሳካለትም። በ1997፣ ዕድሜው ከ70 ሲያልፍ፣ የመንደሩን ሽማግሌዎች አስፈቅዶ እንደገና ቆፈረ። በረዶው ካቆየው የአንዲት ሴት ሳንባ ናሙና ወሰደ። እነ ጄፍሪ ታውበንበርገር ከዚህና ከሌሎች የተቀመጡ ናሙናዎች ተነስተው የቫይረሱን ሙሉ የዘር ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. በ2005 አጠናቀቁ። ኤች1ኤን1 የሚባለው ዓይነት ነበር።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት በምክንያት ነው። የመንደሩ ሰዎች ሙታናቸው የት እንዳሉ ባያስታውሱ ኖሮ ሁልቲን የት ይቆፍር ነበር? ማስታወስ ለሐዘን ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ለሳይንስ መረጃ ነው።

ብዙ ሰው ስለሞተ አይታወስም

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ኅዳር 12 ለምን አልጠፋም?

«ብዙ ሰው ስለሞተ» ብላችሁ ከሆነ አንድ ሌላ ዓመት ላንሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1958፣ በእኛ ከ1950 መጨረሻ እስከ 1951 መጀመሪያ፣ ወባ ወደ ደጋና ወይና ደጋው አገራችን ወጥቶ ነበር። ግምቱ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ነው። ራስ ተፈሪ ለአዲስ አበባ ከጻፉት ቁጥር አሥራ አምስት እጥፍ ነው! የዚህን መታሰቢያ ቀን ታውቃላችሁ? የለም። በመላው ዓለምም እንዲሁ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ያበቃው እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 1918፣ በእኛ ኅዳር 2 ቀን 1911 ነው፤ ከኅዳር ሚካኤል አሥር ቀን ቀደም ብሎ። ያ ቀን እስከዛሬ በብዙ አገሮች በጽሞና ይታሰባል፣ የወታደሮቹ ስም በየከተማው በድንጋይ ተቀርጿል። ኢንፍሉዌንዛው ግን ቢያንስ 50 ሚሊዮን ሰው ፈጅቷል ተብሎ ይገመታል፤ በጦርነቱ ከሞቱት ወታደሮች ቁጥር በብዙ ይበልጣል። ለእነዚያ የቆመው ሐውልት በጣት የሚቆጠር ነው።

ስለዚህ ቁጥር ቀን አያቆምም። ታዲያ ምን ያቆመዋል? እኔ ሦስት ነገር ይታየኛል።

የመጀመሪያው፣ ሰው አስቀድሞ የሚያውቀው ቀን ላይ መንጠልጠል ነው። በየወሩ 12 ሚካኤል ነው። ማንም ሳያስታውሰን ቀኑ ራሱ ይመጣል። መሐንዲሶች አንድ ዕቃ ቢበላሽ ሌላው እንዲሸከመው መጠባበቂያ ያበጁለታል፤ የእኛ የበዓል አቆጣጠርም ለትዝታ እንደዚያ ያለ መጠባበቂያ ነው።

ሁለተኛው፣ በእጅ የሚሠራ ነገር መኖሩ ነው። ንግግር ይረሳል። መጥረግ፣ መከመር፣ መለኮስ ግን የአምስት ዓመት ልጅም ይሠራዋል፤ ሠርቶ ያደገውን ደግሞ ልጁን ያሠራዋል። አያቴ ታሪኩን አልነገረችኝም። መጥረጊያውን ግን ሰጥታኛለች።

ሦስተኛው ባለቤት መኖሩ ነው። የአዊ ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ አትሄዱም። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረስ ሲጋልብ አይታችኋል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 የተመሠረተ ነው። አባቶች በዓድዋና በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ከነፈረሶቻቸው የከፈሉትን ዋጋ ይዘክራል። ልብ በሉ፦ ቀኑ የታወቀ ነው፣ 23 ጊዮርጊስ። የሚሠራ ነገር አለው፤ ፈረስ መሸለም፣ መጋለብ። ከሁለቱ በላይ ደግሞ ማኅበር አለው። አባል አለው፣ አለቃ አለው፣ ደንብ አለው። አንድ ሰው ቢረሳ ሌላው ይጠይቀዋል።

ኅዳር 12 የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይዟል። ሦስተኛው የለውም። ጭሱ በየቤቱ ይጨሳል፤ ለሙታኑ ግን ኃላፊ የለም። ለዚህ ነው ድርጊቱ ቆይቶ ስሞቹ የጠፉት። እነዚያን ጉድጓዶች የቆፈሩት እነማን ነበሩ? ሞትን እያዩ ለታመመ ጎረቤት ውሃ ያደረሱት? የፈቱት ካህናት? አንዳቸውም በቀኑ ላይ የሉም። ቁጥሩም ቢሆን የቀረልን ጸሐፊ ለነበራት ለአዲስ አበባ ነው። ጸሐፊ ከሌለበት አገር ሙታን በቁጥርም አይገኙም።

ያልተደረሰ ለቅሶ

ከ101 ዓመት በኋላ መጋቢት 4 ቀን 2012 በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ያኔ ምናልባት ተማሪ ነበራችሁ፤ ትምህርት ቤት በድንገት ሲዘጋ ትዝ ይላችኋል። ምናልባት የማታስታውሱት፣ ከአገሪቱ ቀድመው እንቅስቃሴ ከተገደበባቸው ቦታዎች መካከል የእኛው ዞን ከተሞች እንደነበሩ ነው። መጋቢት ሊያልቅ አካባቢ የአማራ ክልል ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ ቲሊሊንና አዲስ ቅዳምን ለ14 ቀን ዘጋ። ከአራቱ ሦስቱ አዊ ውስጥ ናቸው። መጋቢት 30 ደግሞ በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

«ቤታችሁ ተቀመጡ» የሚለው ቃል ያኔ ለሁሉም አልሠራም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቤቷ አልተቀመጠችም። የአምቡላንስ ሹፌሩ አልተቀመጠም። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የታማሚ ክፍል የምታጸዳው ሴት፣ እህል ጫኙ፣ ወፍጮ ቤት ያለው ልጅ፣ መናኸሪያ ተራ የሚያስከብረው፣ ጉሊት ካልወጣች ልጆቿ የማይበሉላት እናት፣ ማናቸውም አልተቀመጡም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ብቻ ወደ 115,000 የሚሆኑ የጤና ሠራተኞች በዓለም ላይ በኮቪድ ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል። ጽዳት ሠራተኛውንና ሹፌሩን በዚህ መንገድ የቆጠረላቸው የለም።

በኢትዮጵያ በምርመራ ተረጋግጦ የተመዘገበው የኮቪድ ሞት ከ7,500 ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ የተመዘገበው ብቻ ነው። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 የተመዘገበው ሞት 5.4 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከተለመደው በላይ የሞተውን ሰው ሲያሰላ 14.9 ሚሊዮን አግኝቷል። ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የመርመሪያ መሣሪያ ባነሰበት ቦታ ልዩነቱ ይሰፋል። የ1911 «ጸሐፊ የለም» በ2012 «ምርመራ የለም» ሆኖ ተመልሶ መጣ።

ከቁጥሩ በላይ ግን ሌላ ነገር ያሳስበኛል። እኛ ሰው ሲሞትብን የምናደርገው አለን። እድር ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮና ቡና ይዞ ይመጣል፣ ዘመድ ከሩቅ ለቅሶ ይደርሳል፣ በ40ኛው ቀን ተዝካር ይወጣል። በዚያ ወቅት መሰብሰብ ክልክል ነበር። በጥቂት ሰው የተቀበሩ፣ ሳይለቀስላቸው የቀሩ ብዙ ናቸው። ለቅሶ ያልተደረሰለት ቤተሰብ እስከዛሬ ልቡ አላረፈም። መታሰቢያ ቀን የሚባለው ነገር እኮ በአጭሩ ይኼ ነው፦ ዘግይቶ የሚደረስ የአገር ለቅሶ።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ጣሊያን ሁለት ቀን በሕግ ደነገገች። እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 የሙታኑ ቀን ነው። በ2020 በዚያ ቀን ቤርጋሞ ከተማ መቃብር ሞልቶ የጦር ሠራዊት ካሚዮኖች አስከሬን ጭነው ሲወጡ ታይተው ነበር። የካቲት 20 ደግሞ የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ሠራተኞች ቀን ነው። የሞቱትና ያገለገሉት ለየብቻ መታሰባቸውን ልብ በሉ። በለንደን ደግሞ ቤተሰቦች የመንግሥትን ፈቃደኝነት አልጠበቁም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ከፓርላማው ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ ባለ ግንብ ላይ ለእያንዳንዱ ሟች አንዳንድ ቀይ ልብ መሣል ጀመሩ። ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ቀለሙ ሲደበዝዝ እንደገና እየቀቡ ይኖራሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 27ን የወረርሽኝ ዝግጁነት ቀን አድርጎታል፤ የሳይንቲስቱ የሉዊ ፓስተር ልደት ነው።

ከእነዚህ ውስጥ የለንደኑ ግንብ የበለጠ የሚቆይ ይመስለኛል። ታውቃላችሁ ለምን። የእጅ ሥራ አለው፣ ባለቤት አለው።

አዲስ ቀን አያስፈልገንም

ለኢትዮጵያ የማስበው አዲስ ቀን እንድንፈጥር አይደለም፤ ቀኑ አለን። ኅዳር 12ን የ1911ም የ2012ም ሙታን ቀን፣ በተለይም ሌላው ሲሸሽ ሥራቸው ላይ የቀሩት ሰዎች ቀን እናድርገው።

ተቃውሞ አለው፣ አውቃለሁ። አንደኛ፣ ኅዳር ሚካኤል የኦርቶዶክስ በዓል ነው፤ ኮቪድ ግን የሙስሊሙንም የፕሮቴስታንቱንም ቤት ገብቷል። እውነት ነው። ጥረጋው ግን የሁሉም ሆኖ መኖር ይችላል። ደጁን ማጽዳት የማይወድ ሃይማኖት የለም፣ እድርም የጎረቤት ነው። ሁለተኛ፣ «ከኮቪድ በኋላ ስንቱን ሞት አየን፤ የቱን እናስብ?» ይባላል። ይህን ለመመለስ ይከብደኛል። ክልላችን ያየውን ታውቃላችሁ። ብቻ አንዱን ሐዘን ሌላው ስለበለጠው ብቻ የምንጥለው ከሆነ በስተመጨረሻ ሁሉንም እንጥላለን። የ1951ዱን ወባ የጣልነው እንዲያ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጭሱ ላይ ነው፣ እኔም የምቀበለው ነው። በ1911 የሚቃጠለው ቅጠልና ጨርቅ ነበር። ዛሬ ክምሩ ውስጥ ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የጫማ ሶል አለ። ፕላስቲክ ክፍት ቦታ ላይ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባሉ መርዞች ይወጣሉ፣ ደቃቁ ብናኝም ሳንባ ድረስ ይዘልቃል። በሳንባ በሽታ የሞቱትን ሳንባ እየጎዱ ማሰብ ደግሞ አያምርም። ስለዚህ ጥረጋው ይቅርልን፣ ፕላስቲኩ ተለይቶ ይውጣ። ዕጣን ለማስታወሻ ይበቃል።

በጭሱ ፋንታ ምን እንሥራ? ስም እንጻፍ። ለዚህ ደግሞ ባለቤት አለን፤ እድር። እድር መዝገብ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ማን መቼ እንደሞተ ያውቃል። እያንዳንዱ እድር ከመዝገቡ አንድ ገጽ ለዚህ ቢለይ፣ በኅዳር 12 ጥረጋው ሲያልቅ ያን ገጽ ቆሞ ቢያነብ፣ የጎደለው ሦስተኛው ነገር ተሟላ ማለት ነው። ወጪ የለውም። አዋጅ አይጠብቅም።

እስከዚያው ደብተር ያላችሁ እናንተ መጀመር ትችላላችሁ። ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ የሰውየውን ወይም የሴትየዋን ስም፣ ሥራቸውን፣ ያለፉበትን ቀን። በሕይወት ያሉትንም አትርሱ። ያኔ ሥራ ላይ የነበረችውን ነርስ፣ ሹፌሩን፣ ወፍጮ ቤቱን ሄዳችሁ «ያን ጊዜ እንዴት አለፋችሁት?» በሏቸው፤ ያሏችሁንም ጻፉት። አያት ካላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ። እኔ ሁለት ጥያቄ ጠይቄ ነው ያቆምኩት። ሦስተኛውን፣ «ከኛ ቤት ማን ሞተ?» የሚለውን፣ ሳልጠይቃት አለፈችኝ።